የሻምበሉ ቻናል

አስተርጓሚዋ የመጀመሪያውን ፈተና የወደቀችው አንድ ቃል ሳትሳሳት ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ሐኪም ስለ ኩላሊት ጠጠር ይናገራል፤ እሷ ከአፉ እየተቀበለች ወደ ራሷ ቋንቋ ትመልሳለች። ነገሩ ሁሉ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ሳለ ሰውየው አፉን እንደከፈተ ቀረ። መጀመሪያ የሚያስብ መሰላት፤ በትዕግሥት ጠበቀችው። እሱ ግን እያሰበ አልነበረም፤ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ነው። ተመልሶ ሲንቀሳቀስ ጠጠሩ ወጥቶ፣ በሽተኛው ድኖ፣ ነገሩ ወደ ጥያቄና መልስ ተሸጋግሮ ነበር።

«ድምፅሽ ሸጋ ነው፤ ግን ግማሹ አልደረሰንም» አለቻት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ። «ሐሙስ ጠዋት እንደገና እንሞክር። እስከዚያ ኢንተርኔትሽን አንድ በዪው። ሐሙስም እንዲህ ከሆነ ግን ቦታውን ለሌላ ሰው ለመስጠት እንገደዳለን።»

ሥራው የሐኪሞችን ስብሰባ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ማስተርጎም ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስታመለክት ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ለምን እንደፈለገችው ለማንም አላብራራችም። ሲጠይቋት «እጄ እንዳይፈታ ብዬ ነው» ትላለች፤ እነሱም ይበቃቸዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ቀኑን ሙሉ በጆሮዋ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነበር የፈለገችው።

የባሏ ታናሽ እህት ወሬውን እንደሰማች መጣች። ይህችን እህቱን «ጥሩምባ» ብሎ የሰየማት እሱ ራሱ ነበር፤ በጆሮዋ የተነገራት ነገር ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰፈሩን ያዳርስ ስለነበር። እሷም ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብላዋለች።

«ሌባ አለ!» አለች ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«የምን ሌባ?»

«የኢንተርኔት ነዋ! እታለም፣ አንቺ እኮ ሰው ታምኛለሽ። ይሄ ከላይሽ ያለው ሻምበል ነው። ጠዋት ጠዋት ከጡረተኛ ጓደኞቹ ጋር በቪዲዮ ሲጮህ አልሰማሽም? በማን ኢንተርኔት ነው የሚጮኸው?»

«በራሱ ነዋ።»

«ሰው በራሱ ገንዘብ እንደዚያ አይጮህም።»

አስተርጓሚዋ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሏት ነበር። ከዓመታት በፊት ለአንድ የኮምፒውተር አስመጪ ድርጅት ወፍራም የአጠቃቀም መመሪያ ተርጉማለች። ከነማውጫው ስትተረጉመው ግን ከውስጡ አንዲትን ቁልፍ እንደታዘዘው ተጭና አታውቅም። ከምዕራፎቹ አንዱ እንዲህ ይል ነበር፤ «ኮምፒውተርዎ በዙሪያው ያሉትን የዋይፋይ ኔትወርኮች ከነዝርዝራቸው ሊያሳይዎ ይችላል። ለዚህ ሌላ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግዎትም።» ያኔ እሷን ያስጨነቃት ዝርዝሩ ሳይሆን ቃሉ ነበር፤ የሲግናል «ጥንካሬ» ይባል ወይስ የሲግናል «ጉልበት»? እራት ላይ ባሏን ጠየቀችው። «ጉልበት በዪው፤ ጥንካሬ የሲሚንቶ ነው» አላት። አሳታሚው መልሶ ጥንካሬ አደረገው።

ላፕቶፑን ከፈተች። መፈለጊያው ላይ ሦስት ፊደል ስትጽፍ ጥቁር መስኮት ብቅ አለ፤ ምስል የለው፣ ቀለም የለው፣ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ትዕዛዙን ከትዝታዋ እያወጣች አንድ ባንድ ጻፈች።

ጥሩምባ በትከሻዋ በኩል አጮለቀች። «ምንድን ነው ይሄ? ድግምት ነው?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ድሮም የነበረ ነገር ነው።»

«ድግምትም እኮ ድሮ የነበረ ነገር ነው።»

ቁልፉን ስትጫን ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ሕንፃው በሙሉ እዚያ ነበር፤ የእያንዳንዱ ራውተር ስም፣ የይለፍ ቃል ያለው መሆን አለመሆኑ፣ በቁጥርና በፊደል የተሰካካ የማሽን መለያ፣ ሲግናሉ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ በመጨረሻም ቻናሉ። ስሞቹን በሩን አይቶ ማወቅ ይቻላል። «ዕዝ ጣቢያ» ሻምበሉ ናቸው። «ጥርስ ይጽዳ» ፊት ለፊት ያለው የጥርስ ሐኪም ነው። «ልኬት በቀጠሮ» ምድር ቤት የሙሽራ ልብስ የምትሰፋው ሴትዮ ናት። «ሞኝህን ፈልግ» የሚለው ብቻ የማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ጥሩምባ ግን ጥርጣሬ ነበራት።

ከሁሉም በላይ፣ ጉልበቱ ወደ መቶ የተጠጋ፣ «ቤት ነኝ» የሚል አለ።

«ይሄ የኛ ነው?» አለች ጥሩምባ። ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ አለ። «እሱ ያወጣው?»

«አዎ።»

«ለምን አትቀይሪውም፣ እታለም?»

«ይቆይ» አለች አስተርጓሚዋ። ጣቷን ወደ ታች ወስዳ ሌላውን ታነብ ጀመር።

ጥሩምባ ዝም ብላ መቆየት አይሆንላትም። «እሺ፣ ሌባው የቱ ጋ ነው?»

«ሌባ አያሳይም። ጎረቤት ነው የሚያሳየው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

አስተርጓሚዋ ግን ሌላ ነገር አይታለች። «ዕዝ ጣቢያ» ቻናል ስድስት። «ጥርስ ይጽዳ» ቻናል ስድስት። «ልኬት በቀጠሮ» ስድስት። «ሞኝህን ፈልግ» እንኳ ስድስት። የራሷም ስድስት። ቻናል ምን እንደሆነ ከመመሪያው ይልቅ ከሥራዋ ታውቀዋለች። በትልቅ ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ አስተርጓሚ የራሱ የመስታወት ክፍልና የራሱ ቻናል አለው፤ አድማጩም በጆሮ ማዳመጫው የሚፈልገውን ይመርጣል። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ግን የሁሉም ቋንቋ አስተርጓሚዎች በአንድ ክፍል ታጭቀው፣ በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ወረፋ ይዘው፣ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው እግሩን እያፈራረቀ ይጠብቃል። ሐኪሙ አፉን እንደከፈተ የቀረው ወረፋው ስላልደረሰው ነው።

«ስድስት ላይ ማን ሰበሰባቸው?» ብላ ራሷን ጠየቀች። መልሱ ወዲያው መጣላት። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበሩ ሻምበል በጦሩ ውስጥ የመገናኛ መኮንን ነበሩ። ራውተር የገባለት ሰው ሁሉ እሳቸውን ይጠራል፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው፣ አንዳች ነገር ነካክተው፣ «አሁን ከኛ ጋር ነህ» ብለው ይወጣሉ። እሷም ቤት መጥተው ያንኑ ብለዋል። ባሏ በሩን ከዘጋ በኋላ «ተመለመልን» ብሎ ስቆ ነበር።

የራሷን ራውተር ገጽ ከፍታ ቻናሉን አስራ አንድ አደረገችው። ከሰዓት በኋላ ያለ አንዳች መቋረጥ የቀዶ ሕክምና ቪዲዮዎችን እያየች ተለማመደች። በአስተርጓሚነት ዘመኗ ከሁሉ የጣመ ከሰዓት ነበር።

ችግሩ ጥሩምባ ስትወርድ ልብስ ሰፊዋን ደረጃ ላይ ማግኘቷ ነው።

በማግሥቱ የምትለማመድበት ቪዲዮ ላይ ያለው ሐኪም ስለ ትልቁ አንጀት ሊጀምር ሲል እጁን እንዳነሳ ደረቀ። አስተርጓሚዋ ጥቁሩን መስኮት ከፍታ ትዕዛዙን ጻፈች። «ዕዝ ጣቢያ» አስራ አንድ። «ጥርስ ይጽዳ» አስራ አንድ። «ልኬት በቀጠሮ» አስራ አንድ። «ሞኝህን ፈልግ» አስራ አንድ። ሕንፃው ጓዙን ጠቅልሎ ከኋላዋ መጥቷል።

ላፕቶፑን አቅፋ ወደ ላይ ወጣች። ሻምበሉ በሩን የከፈቱት የጆሮ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው።

«ይቅርታ ሻምበል፣ ላስቸግርዎ።»

«ግቢ እህቴ! አየሽ አይደል? አስራ አንድ ላይ ሰፍረናል! ያቺ ልጅ እንደተናገረች ወዲያው በየቤቱ ዞሬ አዛወርኳቸው። አንድ ሰው ሳይቀር!»

«ችግሩ እሱ ነው።»

«ማን ቀረ?»

«ማንም አልቀረም። ችግሩ ማንም አለመቅረቱ ነው።»

ሻምበሉ አንገታቸው ላይ ያለውን ማዳመጫ አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። «እህቴ፣ እኔ ሬዲዮ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንድ ጦር በአንድ ቻናል ነው የሚነጋገረው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ከሆነማ ማን ማንን ይሰማል?»

«እውነት ነው። እነዚህ ማሽኖች ግን እርስ በርስ የሚነጋገሩት ነገር የላቸውም። የዶክተሩ ራውተር ለእርስዎ ራውተር ምንም አይለውም።»

አሰቡ። «ሰላምታም?»

«ሰላምታም።»

«ይሄ ምን ጎረቤትነት ነው!» አሉ ከልባቸው አዝነው።

ሽማግሌውን ሳታሳፍር ነገሩን እንዴት እንደምታስረዳ ጨነቃት። በመጨረሻ ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዙራ ትዕዛዙን እንደገና አስኬደችው። ሻምበሉ መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉ። ስሞቹንና ቁጥሮቹን ሲያዩ ፊታቸው ሃያ ዓመት ታደሰ።

«ይሄ እኮ ቅኝት ነው! የእያንዳንዱ ጣቢያ ስም፣ መለያ፣ ጉልበት፣ ቻናል... ከየት አመጣሽው?»

«ኮምፒውተሩ ራሱ አለው። ከእርስዎም ላይ አለ።»

«ከኔም ላይ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ታጥቄ ነው የኖርኩት?» ወረቀት ፈልገው መጻፍ ጀመሩ። እሷም በዚህ መሃል፣ እንደ ዋዛ፣ ሦስት ቻናሎች ማለትም አንድ፣ ስድስትና አስራ አንድ እርስ በርስ እንደማይነካኩ፣ ሕንፃው በሦስቱ ቢከፋፈል ሁሉም ሰው እንደሚተነፍስ ነገረቻቸው።

«በሦስት ግንባር መሰለፍ» አሉ ሻምበሉ። «ለምን ቀድመሽ እንዲህ አላልሽኝም?»

በዚያው ቀን ከሥራ መልስ ነዋሪው ደረጃው ሥር ተሰበሰበ። ሻምበሉ ሐሳቡን የራሳቸው አድርገው አቀረቡት፤ አስተርጓሚዋም ከኋላ ቆማ አላረመቻቸውም። ምድር ቤት ያሉት ቻናል አንድ፣ መሃል ፎቅ ስድስት፣ ከላይ ያሉት አስራ አንድ ይሆናሉ።

«ለምን እኔ አንድ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ምድር ቤት ስለሆንኩ? ተንቄ ነው?»

«አንድ ማለት እኮ አንደኛ ነው» አሉ ሻምበሉ።

«አንደኛ ከሆነ እርስዎ ይውሰዱት፤ እኔ በአስራ አንድ እጎዳለሁ!»

«እታለም ናት አስራ አንድን ያገኘችው» አለች ጥሩምባ። «ለሌላ ሰው ከተሰጠ እኔ አልስማማም።»

«አንቺ እዚህ ሕንፃ ውስጥ አትኖሪም!»

«ወሬዬ ይኖራል!»

የጥርስ ሐኪሙ እጁን አነሳ። ማታ ማታ ስለሚሠራ ጠዋቱን በሙሉ ቤቱ ተቀምጦ የኳስ ጨዋታ የሚያይ ረጋ ያለ ሰው ነው። «እኔ ጠብ አልወድም። አንድም ስድስትም አልልም። መሃል ላይ ልሁን፤ አራት ይበቃኛል።»

«ዶክተር፣ አራት ሁለቱንም ይነካል» አለች አስተርጓሚዋ። «በሁለት ወንበሮች መሃል እንደመቀመጥ ነው። ከግራም ከቀኝም ያለው ሰው ይረበሻል።»

«ገባኝ» አለ ሐኪሙ። «ጥርስም እንደዚያ ነው፤ ቦታው ሳይሆን መሃል የበቀለ ነው የሚያስቸግረው።» ትንሽ አሰበና፣ «ለማንኛውም አራት ይሁንልኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። አንዱ ቻናል በዕጣ ይሁን ይላል፤ ሌላው በዕድሜ ይላል፤ ሻምበሉ «ሥርዓት!» እያሉ የደረጃውን መደገፊያ ይመታሉ። አስተርጓሚዋ ከኋላ ሆና ሰዓቷን አየች። ነገ ሐሙስ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ከእነዚህ ሰዎች አንድም ነገር ጠይቃ አታውቅም፤ ያመጡላትን ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች፣ በሯን ትዘጋለች።

«ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ» አለች።

ጮክ ብላ አልነበረም፤ ቢሆንም ሁሉም ዞሩ። በዚህ ደረጃ ላይ ድምፅዋን ሰምተው ስለማያውቁ ሳይሆን አይቀርም።

«የሥራ ፈተና ነው። በኢንተርኔት ነው። ከተቋረጠ ሥራው ይቀራል። ቻናሉን ሌላ ቀን ተከፋፈሉት፤ እኔ የቀረውን እወስዳለሁ። ነገ ጠዋት ብቻ...» ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃታት። የሰውን ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ ለምትውል ሴት እንግዳ ነገር ነው።

ሻምበሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። «የሬዲዮ ጸጥታ!» አሉ። «ነገ ጠዋት እህታችን ጨርሳ በሯን እስክትከፍት ድረስ በዚህ ሕንፃ ውስጥ አንድም ራውተር አይበራም። የማንም!»

«ግማሽ ፍጻሜው ቢኖርስ?» አለ ሐኪሙ።

«ዶክተር!»

«እሺ፤ ድጋሚውን አየዋለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ከፈተናው በፊት ጥቁሩን መስኮት ከፈተች። አንድ ስም ብቻ ወጣ። «ቤት ነኝ» ይላል፤ ከላዩም ከታቹም ባዶ ጥቁር ነው። ትንሽ አየችውና መስኮቱን ዘጋችው፤ ማዳመጫዋን አጠለቀች።

ዛሬ ስክሪኑ ላይ ያለው ሐኪም ስለ ሐሞት ከረጢት ነው የሚያወራው። ድምፁ ጥርት ብሎ ገባላት፤ የሷም ጥርት ብሎ ወጣ። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ነገር ያለ እንከን ሄደ። ከዚያ ከበሩ ውጭ አንድ ሰው አስነጠሰ።

ሻምበሉ ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። ኢንተርኔት የሌለው ሕንፃ የሚሠራው ነገር የለውም። ልብስ ሰፊዋ ድራማዋ ሲቋረጥባት መርፌዋን ሰክታ ወጣች። የጥርስ ሐኪሙ ኳሱን ፈልጎ ሲያጣ ወጣ። ጥሩምባ «ዘብ ልጠብቅ» ብላ ከጠዋት ጀምሮ ደረጃው ላይ ነበረች። ሻምበሉም ትዕዛዙ መከበሩን ሊያዩ ወረዱ። ሁሉም የተገናኙት ድምፅ እንዳይኖር ሊጠብቁ በመጡበት በር ላይ ነው። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። ሹክሹክታው ግን ስለ ቻናል ሆነ።

«ከረጢቱ ከጉበት ሥር ይገኛል» እያለች ትተረጉማለች አስተርጓሚዋ፣ ከበሩ ደግሞ የሻምበሉ ድምፅ «አስራ አንድ የኔ ነው! ያቋቋምኩት እኔ ነኝ!» እያለ ይገባል።

ማይክሮፎኑን በእጇ ከለለችው። ተነስታ በሩን ከፍታ እንዳትናገራቸው ቀዶ ሐኪሙ አይጠብቃትም፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ካመለጠች አለቀ። ላፕቶፑን በአንድ እጇ አቅፋ፣ እየተረጎመች፣ ከበሩ ራቀች። ሳሎኑ ውስጥ ይሰማል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ይሰማል፤ የጥርስ ሐኪሙ ጭራሽ የሳቀው እዚያ ግድግዳ ሥር ነው። የቀረው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ነው። የባሏ የሥራ ክፍል ነበር። ከቀብሩ ማግሥት የዘጋችው በር እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው።

«አሁን በጥንቃቄ እንከፍተዋለን» አለ ቀዶ ሐኪሙ።

«አሁን በጥንቃቄ እንከፍተዋለን» አለች እሷም፣ እጀታውን በክርኗ ተጭና።

ገባች። በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። ጸጥ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር በክንዷ ገፋ አድርጋ ላፕቶፑን አስቀመጠች፤ ምን እንደገፋች አላየችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ቀጠለ፤ እሷም ቀጠለች። ከረጢቱ ወጣ፤ ቁስሉ ተሰፋ፤ ጥያቄ የሚጠይቁ ጠየቁ። አንድም ነገር አልተቋረጠም።

«አንድ ቃል አላመለጠንም» አለች ኃላፊዋ በመጨረሻ። «መሃል ላይ ብቻ አንድ አዛውንት ‘ያቋቋምኩት እኔ ነኝ’ ሲሉ ሰምተናል። ከቀዶ ሕክምናው ጋር ይያያዛል?»

«አይያያዝም። የጎረቤት ጉዳይ ነው።»

«ከዚያ በኋላ ግን ድንቅ ነበር። ቦታ ቀየርሽ መሰለኝ? ሰኞ ትጀምሪያለሽ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ አሁን ካለሽበት ክፍል ሆነሽ ሥሪ።»

አስተርጓሚዋ ዙሪያዋን አየች። መጋረጃው ላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ መብራቱ ላይ አቧራ ተኝቷል።

«እሺ» አለች።

የፊት ለፊቱን በር ስትከፍት ሁሉም እንደ ተማሪ ጭጭ አሉ። ከላይ እስከ ታች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ጉልበቷን ስለሚያማት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«እህስ?» አለች ጥሩምባ። «እታለም፣ ተናገሪ እንጂ!»

«አለፍኩ።»

እልልታው ሕንፃውን አናወጠው። ሐኪሙ ሳያስበው ሻምበሉን አቀፈ። ሻምበሉ ልብሳቸውን አስተካክለው «እንግዲህ የሬዲዮ ጸጥታው ተነስቷል፤ ራውተሮቻችሁን ማብራት ትችላላችሁ» ብለው አወጁ። ማንም አልተነሳም። እሳቸውም አልተነሱም።

«እኔ የምለው» አለ ሐኪሙ፣ «ሰባትስ?»

«ሰባት ምን?»

«ቻናል ሰባት። ከስድስት ብዙም አይርቅም።»

«ዶክተር፣ እግዜር ይይልዎ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አስተርጓሚዋ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ስትወጣ ወንበር ተሸክማ ነበር፤ የእጅ መደገፊያው የላላ፣ ቆዳው የተፋቀ የሥራ ወንበር። ጥሩምባ አየችው። አፏን ከፈተች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትናገር መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ተነስታ አንዱን ጎን ያዘችላት፤ አብረው ልብስ ሰፊዋ ፊት አስቀመጡት።

«ተቀመጪበት» አለች አስተርጓሚዋ። ራሷም ደረጃው ላይ፣ ከሐኪሙ ጎን ቁጭ አለች። «ሰኞ ግን መልሱልኝ። ሥራ አለብኝ።»